ኮርቻው እንዳለ

ድንቅቱ በሱሉልታ ሜዳ መካከል ቆማ የባሏን ሙሾ ታወርድ ነበር። ፈረሱን ጭነው በፊቷ አዞሩት፤ ኮርቻው ላይ የሟቹ ካባ ብቻ ተደርቦ ነበር።

«ፈረሱስ ደረሰ ኮርቻው እንዳለ፣
ጌታውን ብጠይቅ ማን አየሁት አለ።»

ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ አነባ። ግጥሟ ግን አዲስ አልነበረችም። ለካናዳው የዓለም ኤግዚቢሽን ከዘፋኞቹና ከእስክስታ ወራጆቹ ጋር የወሰዷት ጊዜ፣ ስድስት ወር ሙሉ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ መድረክ ላይ፣ በእንጨት ፈረስ ፊት ለፈረንጅ ተመልካች ያወረደቻት ያችው ነበረች። ስትነሳ ባሏ፣ «ሰው ሳይሞት ሙሾ? ተይ አንቺ ሴት፣ ሞት ትጠሪያለሽ» ብሏት፣ ስቃበት ነበር የሄደችው።

አሁን የመጨረሻዋን ስንኝ ስትጨርስ ሜዳው ጸጥ አለ። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ፊት ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ሴቶቹ ሐዘን የጣላት መስሏቸው እየሮጡ ደገፏት።

«አይዞሽ ድንቅቱ፣ ቀና በይ እንጂ!» አለቻት የባሏ እኅት፣ ብብቷን ይዛ እያነሳቻት።

እሷ ግን እንዳጎነበሰች ጭብጨባውን ትጠብቅ ነበር።