የማይሳሳሙበት ፊልም

ካገባ ገና አራት ወሩ ነው። ለፍቅረኞች ቀን ከሚስቱ ጋር እቤት ተቀምጦ የፍቅር ፊልም ሊያይ ወጥኖ ነበር፤ ጠዋት ግን አማቱ ወይዘሮ ተዋበች ከደሴ ሳይጠሩ ከተፍ አሉ።

ፊልም ቤት ሄዶ ፍላሹን ሰጠና፣ "የፍቅር ፊልም ጫንልኝ፤ ግን የማይሳሳሙበት" አለ።

ባለሱቁ ሳቀበት። "ወንድሜ፣ ካልተሳሳሙ ምኑን ተዋደዱት?"

እንደ ምንም አንድ አስጭኖ ተመለሰ። ማታ ሦስቱም ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ አማቱ መሃል። ሁለቱ ተዋንያን በተጠጋጉ ቁጥር እሱ በሪሞቱ ወደ ፊት ያስሮጠዋል፣ ሚስቱ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፣ አማቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ። በላብ ተጠምቆ አራተኛውን መሳሳም እንዳሳለፈ፣ ወይዘሮ ተዋበች ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ።

"ሪሞቱን ወዲህ በል።"

ሊያጠፉት ነው ብሎ አቀርቅሮ ሰጣቸው።

"ሙሽራ ሳለሁ አማቴን አፍሬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ወልጄ ደግሞ ልጄን አፍሬ ጨፈንኩ" አሉ፣ ቁልፎቹን በጣታቸው እየዳበሱ። "ወደ ኋላ የሚመልሰው የትኛው ነው?"