ተጎትቶ የሚመጣው

ሽማግሌዎቹ ለአንድ ልጅ ሚስትነት ሊጠይቋት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አባቷ ሰለቻቸውና «እንግዲህ ራሷ ትናገር» ብለው ጠሯት። የዶሮ ዝርያ ተመራማሪዋ ከማራቢያው ቀጥታ፣ ቦቲዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች።

«እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዶሮ ነው» አለች ቆማ። «አንዳንዱ ጠባይ ለብቻው ይሄዳል፤ የላባውን ቀለም ብንቀይር እግሩ አይነካም። አንዳንዱ ግን የተሳሰረ ነው። ብዙ እንቁላል የምትጥለዋን ዶሮ መርጬ ሳራባ፣ ቁጣዋም ተጎትቶ መጣብኝ። ሰውም እንደዚያው ነው። አንዱን ፈልገን ሌላውን እንሸከማለን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የልጁ እናት ወይዘሮ አስካለ በየቅዳሜው ማራቢያው ሄደው ከእሷ ጋር ሲያወሩ እንደሚውሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ገብቶናል ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በእናቱ በኩል አትስጊ። ለብቻቸው ቤት ተከራይቶላቸዋል። ሁለተኛ ደጅሽን ላይረግጡም ምለውልናል።»

ፊቷ ልውጥ አለ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እሳቸው ካልመጡማ» አለች፣ «እሱን ምን ላደርገው ነው?»