አጭሩ ክንድ

ድንጋይ ፈላጩን ሰፈርተኛው «ነጎድጓድ» ይለዋል። ሲቆጣ የጣሪያ ቆርቆሮ ይነቅላል፤ ሚስቱን በጥፊ ሲላት የሦስተኛው ጎረቤት ድመት ዛፍ ላይ ትወጣለች። ውሸት ከመሰላችሁ ድመቷን ጠይቁ።

እሱና ሁለት ወንድ ልጆቹ ድንጋይ የሚፈልጡበት ካባ፣ ዳይኖሰሮች ባለቁበት ዘመን የባሕር ወለል ነበር ይባላል። ድንጋይ የሆነ የባሕር ጃርት እንደ ድንች ይለቀምበታል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አንድ ቀን ግን መዳፍ የሚያህል የባሕር ኮከብ፣ ያ ባለ አምስት ክንድ የባሕር እንስሳ፣ ድንጋይ ሆኖ ወጣ። አራቱ ክንዶቹ ረጃጅም፣ አንዱ አጭር።

ነጎድጓድ ቤት ይዞት ገባ።

«እዪው፣ አንዱን ክንድ አውሬ በልቶበት መልሶ እያበቀለ ነው የሞተው። ያንቺስ መቼ ይበቅላል?» አላት ሚስቱን፣ በሻሽ ከአንገቷ የታሰረውን ቀኝ ክንዷን በኮከቡ ጫፍ እየነካካ።

ክንዷን የሰበራት ደረጃ ነው ተብሏል። ቤቱ ደረጃ የለውም። ከክረምት በፊት የታሰረው ሻሽ እስከዚያን ቀን አልወረደም።

ልጆቹ ሳቁ። እሷ ድስቷን በግራ እጇ አማሰለች።

ኮከቡን ሙዚየም ፈለገው፤ ያስረከበ ሰው በሚከፈለው ገንዘብ ከድንጋይ ፈለጣ ይገላገላል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ነጎድጓድ ከኪሱ አላወጣውም። ልጆቹም ከአባታቸው ፊት ይልቅ ኪሱን ማየት ጀመሩ።

አንድ ጠዋት ነጎድጓድ ካባው ውስጥ ቋጥኝ ተጭኖት ተገኘ። ሲያወጡት ሰውዬው በበር ሥር የሚያልፍ ወረቀት ሆኗል። አጠገቡ ዲጂኖ ወድቋል፤ ኪሱ ተገልብጧል፤ ኮከቡ የለም።

ሊያጣራ የመጣው ፖሊስ ቋጥኙን ገፋ አድርጎ ሞከረና ወገቡን ያዘ።

«ይሄን በዲጂኖ የፈነቀለ፣ ሁለት ጤነኛ ክንድ ያለው ነው። ኮከቡ የተገኘበት ገዳዩ እሱ ነው።»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። ቤት አድርሷቸው የተመለሰው ፖሊስ የመንገዱን ጥግ ሳይታጠፍ ግቢው ጦር ሜዳ ሆነ።

«አባታችንን በልተህ ልትከብር ነው?» አለ ታላቁ።

«ማለዳ ቀድመህ የወጣኸው አንተ አይደለህ፣ ወንድም ጋሼ?»

ታላቁ በቡጢ ሲለው የታናሹ ጥርስ በአጥር ተሻግሮ ጎረቤት ባልዲ ውስጥ ጠለቀ። ታናሹ የወንድሙን ጆሮ ነክሶ ግማሹን ተፋ።

«ይሄ እንኳ አይበቅልልህም» አለው።

ደማቸው ግቢውን አጨቀየው። እናት መሃል ገብታ በግራ እጇ ብትጎትታቸው፣ ዝንብ ያረፈባቸው ያህል እንኳ አልተሰማቸውም።

«ልጆቼ፣ ተዉ። አንዳችሁም አልነካችሁትም።»

«እማዬ፣ አትግቢበት። አንቺ ሰው ታምኛለሽ» አለ ታናሹ።

ታላቁ ደሙ አዳልጦት በጀርባው ወደቀ። ታናሹ ደረቱ ላይ ተንበረከከና አጠገቡ የወደቀውን ዶማ ከራሱ በላይ አነሳ።

«ኮከቡ የታለ?»

«አንተ ጋ ነዋ፣ አንተ ሌባ።»

ታናሹ ዶማውን ሰነዘረ። ታላቁ ዓይኑን ጨፈነ።

እናት ዶማውን በሁለት እጇ አየር ላይ ለቀም አድርጋ ያዘችው፤ ከላላው ሻሽ ውስጥ አንድ ክንዱ አጭር የሆነ ኮከብ መሬት ላይ ዱብ አለ።