የደብረ ሲና ቆሎ

የሩቅ ዘመድ ሰርግ አለ ብሎ ከአዲስ አበባ ሊወስዳት የመጣው አጎቷ ጋሽ ይመር፣ በቋጣሪነቱ አገር ያወቀው ሰው ነበር። ዛሬ ግን ምን እንደነካው እንጃ። ጣርማበር አናት ላይ መኪናውን አቁሞ ጉም የሞላውን ገደል አሳያት። ደብረ ሲና ላይ ትኩስ ቆሎ ገዛላት። አጣዬ ሲደርሱ ደግሞ ጥብስ አዝዞ፣ ጠገብኩ ብትለውም በጉርሻ አጣደፋት።

"ጋሼ፣ እንዲህ ቸር መሆንህን ለእማዬ ብነግራት አታምነኝም" አለችው እየሳቀች። ለእናቷ ያስቀረችውን ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

"ብዪ" አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ኮምቦልቻ ገብተው ወደ ሰፈራቸው ሲታጠፉ እናቷ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተጥሏል።

"ሰርጉ እኛ ቤት ነው እንዴ?" አለች ደስ ብሏት።

መኪናው ሲቆም ጥቁር የለበሱ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ከድንኳኑ ወጡ። ታላቅ አክስቷ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። በሾፌሩ መስኮት በኩል አንገቷን አስግጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጋሽ ይመርን ጠየቀችው።

"አብልተሃታል?"