እሳት ልጫር

አንድያ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ፣ አሮጊቷ ሀሊሜ ክረምቱን ሙሉ ገል ይዘው «እሳት ልጫር» እያሉ ጎረቤታቸው ተናኜ ዘንድ ይመጡ ነበር። ፍሙን ከያዙ በኋላም ወሬያቸው አያልቅም። ተናኜ ሰለቻት። ያን ቀን ከቀበሌው ሱቅ ክብሪት ገዝታ በዝናብ ቤታቸው ሄደች።

«እትዬ ሀሊሜ፣ ከእንግዲህ በጭቃ አይመላለሱ፤ ይኸው ክብሪት» አለች በሩን ገፋ አድርጋ።

ምድጃው ላይ እሳት ይንቦገቦግ ነበር። አሮጊቷ ብድግ ብለው በቀሚሳቸው ሊከልሉት ሞከሩ።

«ዝናቡ ሲጥል ቤቱ ጭር ይልብኛል» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «እንዲያው ለጨዋታ መምጣቱን አፍሬ ነው፣ ልጄ።» ክብሪቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። «አላህ ይስጥሽ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።»

የተናኜ ፊት ጋለ። ሳይጋብዟት ምድጃው ዳር ተቀመጠች፤ ቀና ብላ ልታያቸው ግን አልቻለችም።