ፀጉር የሚያህል ክር

«ይሄ ምንድን ነው? ፍየል ልናስርበት ነው?» ማትያዥ የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሣው።

«አራት ኪሎ ይሸከማል» አለች ኔዥካ። የመጨረሻውን ቋጠሮ በምራቋ አርሳ አጠበቀችው። «ለዚያ ዓሣ ከዚህ የቀጠነ አይታሰብም። ቶሎ ትስበዋለህ፣ ቶሎ ወደ ውሃው ትለቀዋለህ።»

«ውሃው እንደ ብርጭቆ ነው'ኮ፣ የኔ ቆንጆ። ይሄን ገመድ ካየ ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። ካልፈለገ አይብላ።»

ቦሽቲያን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ደቅኗል። «በአራት ኪሎማ እናቴም ታወጣዋለች» አለና ከት ብሎ ሳቀ። እሱና ማትያዥ የአንድ ዓሣ አጥማጆች ክበብ አባላት ናቸው። ክበቡ በየዓመቱ ከሁሉ በቀጠነ ክር ትራውት ከሚባለው ዓሣ ትልቁን ላወጣ ሰው ዋንጫ ይሸልማል።

ማትያዥ ከሰደርያው ኪስ ትንሽ ጥቅልል አወጣ። ክሩ ፀጉር ያህላል፤ ብርሃን ካልነካው አይታይም።

«ይበጠሳል» አለች።

«እጁን ለሚያውቅ አይበጠስም።»

«ካልተበጠሰማ የባሰ ነው። እንዳይበጠስብህ እየፈራህ ስታባብለው ትቆያለህ፤ እሱ ደግሞ ሲታገል ልቡ ይፈርሳል። ሬሳ ነው የምታወጣው።»

«አንቺ ደግሞ! ዓሣ ነው'ኮ ኔዥካ፣ አጎትሽ አይደለም።»

እሷ ያሰረችውን በጥፍር መቁረጫ ቆርጦ የራሱን ቋጠረ። አራት ኪሎ የሚሸከመው ክር ውሃው ላይ ወድቆ ሄደ።

ኔዥካ ያደገችው ከዚህ የሶቻ ወንዝ መታጠፊያ በላይ ባለው ቤት ነው። እብነ በረድ የመሰለውን ያን ዥጉርጉር ዓሣ ድንጋዩ ሥር ሲያረጅ አይታዋለች፤ የት እንደሚተኛ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለማትያዥ የነገረችው በመስከረም ስለሚጋቡ ነው። የእሷ የሆነው ሁሉ የእሱም እንዲሆን ፈልጋ ነበር።

በእጁስ ምንም እንከን አይወጣለትም። መንጠቆው ላይ የታሰረችው ሰው ሠራሽ ዝንብ እንደ ላባ አረፈች፣ ትንሽ ተንሳፈፈች፣ ከድንጋዩ ሥር አንድ ጥላ ተነሥቶ ዋጣት።

«ያዝኩት!»

ዓሣው ወደ ታች ነጎደ። ማትያዥ ክሩን እየለቀቀ፣ በጠጠሩ ላይ እየተንደረደረ ተከተለው። መሳብ አይችልም፤ ትንሽ ጠበቅ ቢያደርግ ያ ፀጉር የሚያህል ክር ይበጠሳል። ዓሣው ሲሮጥ ይለቃል፣ ሲያርፍ ይጠቀልላል። እንደገና ይለቃል። ቦሽቲያን «ቀስ! ቀስ በል ወንድሜ!» እያለ ይቀርጻል። የተራራው ጥላ ወንዙን አጋምሶ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ዓሣው ገና ክሩ ላይ ነበር። ሩጫው ግን እያጠረ መጥቷል። ሁለት ጊዜ በጎኑ ተጋደመና ሁለት ጊዜ እንደ ምንም ተቃና።

«በቃ፣ በጥሰው» አለች ኔዥካ። «ዘንጉን ቀጥ አድርገህ ሳብ፤ ራሱ ይሄዳል።»

«አብደሻል?»

«ማትያዥ፣ እየሞተ ነው!»

«ዝም ብለሽ መረቡን ይዘሽ ግቢ!»

እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። ዞር ብላ አየችው። ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ፈገግ ብሏል፤ በከንፈሩ ጥግ ለሃጩ ተዝረክርኳል። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

መረቡን ይዛ ገባች። ለእሱ ብላ አይደለም፤ ስቃዩ እንዲያጥር ብላ ነው። ዓሣው ሳይታገል ገባላት። መንጠቆውን ውሃው ውስጥ እንዳለ ነቀለችለት። ልትይዘው ስትል ማትያዥ ከእጇ መነጨቀው።

«ውሃ ውስጥ ይቆይ! ትንፋሽ የለውም!»

«አንድ ፎቶ! አንድ ብቻ!»

በደረቅ እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ አነሣው። አውራ ጣቱ ዓሣው በሚተነፍስበት ስንጥብ ውስጥ ገብቷል፤ ቀጭን ደም በክንዱ ላይ ወረደ። አንድ ፎቶ የተባለው አላልቅ አለ። በጎን ተነሣ፣ በፊት ለፊት ተነሣ፣ ከዚያ ያን ያዛገ አፍ ግጥም አድርጎ ሳመው። ቦሽቲያን በሳቅ ፈረሰ።

«አሁን ደግሞ ሙሽራዬን!» አለ ማትያዥ፤ አንገቷን ስቦ እሷንም ሳማት። የዓሣው ልጋግ ከእሱ ምራቅ ጋር ከንፈሯ ላይ ተለጠፈ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጭቃ ጭቃ ይላል። በእጅጌዋ ጠረገችው፣ ግን ይበልጥ ተዳረሰ።

ዓሣውን ተቀብላው በሆዱ በኩል ደግፋ ፊቱን ወደ ወራጁ አዞረችው። ስንጥቡ አንዴ ተከፈተ። ቆየት ብሎ ደግሞ ተከፈተ። ጠበቀች።

«ተዪው፣ ይነቃል። ሁሌም ይነቃሉ» አለ ማትያዥ። የቦሽቲያን ስልክ ላይ አቀርቅሮ ፎቶዎቹን ይገፋል። «በዚህኛው ቦርጭ አውጥቻለሁ። ይሄን አጥፋው።»

«ዋንጫው የአንተ ነው ወንድሜ» አለው ቦሽቲያን።

እጆቿን ከፈተች። ዓሣው ቀስ ብሎ ተገለበጠ፤ ነጭ ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተመ በመታጠፊያው ተሰወረ። ከእሷ በቀር ማንም አላየውም።

ኔዥካ መረቡን ለወንዙ ለቀቀችውና መሻገር ጀመረች። ውሃው ጭኗ ድረስ ደረሰ፣ ገፋት፣ ተንገዳገደችና ቆመች፣ ተሻገረች። ከወዲያ ማዶ ከጫካ በቀር ምንም የለም።

«ኔዥካ! ወዴት ነው? መኪናው እዚህ ነው'ኮ!» ማትያዥ ስልኩን ከፍ አድርጎ አወዛወዘው። «ለእናትሽ የቱን ፎቶ ልላክላት?»

ተንበረከከች። በመዳፏ ውሃ ቀድታ ተጉመጠመጠችና ተፋች። ደግማ ቀዳች።