ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም

እማዬ በእንብርክኳ እየዳኸች ትገባለች። በአንድ እጇ ከሰል የምታቀጣጥልበትን ማራገቢያ ይዛለች። በሩ ከላፕቶፑ ካሜራ ጀርባ መሆኑ በጀኝ። ቀና ብዬ ላያት ግን አልችልም፤ ዓይኔን ከስክሪኑ ካነሳሁ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል። አንዱን ቀድሜ ቀምሻለሁ። ሦስት ከሞላ በኢንተርኔት የምፈተነው ፈተና በራሱ ጊዜ ይዘጋል።

የፈተናው ሕግ አያልቅም። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው መኖር የለበትም፣ መናገር የለም፣ መነሳት የለም፣ ድምፅ የለም። የየት አገር ሰው እንደሆነ እንጃለት፣ አንድ ሰውዬ በካሜራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊት ፊቴን ያያል። ካለፍኩ ሙሉ ወጪዬን ችለው ውጭ ያስተምሩኛል። ካልሆነ አለቀ፣ ለከርሞ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም።

የሚጥለኝ ግን ጥያቄው አይደለም፣ ይኼ ምድጃ ነው። ወንድሜ የተወልኝ ላፕቶፕ ሃያ አምስት ደቂቃ ከሠራ ይግልና ድርግም ይላል። ትናንት ስለማመድበት ሦስት ጊዜ ጠፍቶብኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። "ጋለብኝ" ስላት እማዬ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች።

"ፀሊዬ፣ ትኩሳት ነው እኮ፣ ግንባሩ ላይ አድርጊለት" አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ከዚያ ተነስቼ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሄድኩ፣ ፈሀድ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ። ላፕቶፕ ከሥር እያራገበ የሚያቀዘቅዘው ማስቀመጫ ሁለት ዓይነት ነበረው። አንዷ ትንሽ፣ ባለ ሁለት ፋን፣ ጥቁር፣ የማታምር። ሌላው ባለ አምስት ፋን፣ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት የሚበራ።

"ትልቁ ይጮሃል እህቴ። ለፈተና ከሆነ ትንሿን ውሰጂ" አለኝ ፈሀድ።

እኔ መቼ ሰው እሰማለሁ! መብራቱን አይቼ ትልቁን ታቅፌ መጣሁ። ፈተናው በተጀመረ በአራተኛው ደቂቃ "ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ይሰማል" ተብሎ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ መጣ። ገመዱን ነቀልኩት። አሁን አምስቱም ፋኖች ዝም ብለው ከላፕቶፑ ሥር ተጋድመዋል፣ ጭራሽ ያፍኑታል። ሃያ አንድ ደቂቃ ሆኖታል፤ መዳፌን አቃጠለኝ።

እማዬ ከጠረጴዛው ጎን፣ ካሜራው ከማያይበት ቦታ ትንበረከካለች። በሁለት ጣቴ ላፕቶፑን ከፍ ሳደርግላት ማስቀመጫውን ቀስ ብላ ትስበውና አራት የሃይላንድ ክዳን በአራቱ ማዕዘን ትሸጉጣለች። ማን እንዳስተማራት እንጃ። ከዚያ በሥሩ ማራገብ ትጀምራለች። ለፍም እንደምታደርገው አይደለም፣ ዝግ ብላ፣ ያለ ኮሽታ።

ሠላሳ ደቂቃ። ሃምሳ። ሰባ። አልጠፋም! እልል ማለት አማረኝ። ግን እማዬን አውቃታለሁ። ቀራንዮ ጉልት ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ የከረመች ሴት ናት፤ ሪህ ጉልበቷን ከያዛት አሥር ዓመቷ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሄዳ መስገድ ካቆመች ቆይታለች።

ስክሪኑ ላይ የሰውዬው ጽሑፍ ብቅ ይላል። "ካሜራውን አዙረሽ ክፍልሽን በሙሉ አሳዪኝ።"

እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም፤ እኔ መናገር አልችልም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ አልጋ የለው፣ ፍራሹም መሬት ላይ። የት ልክተታት? ላፕቶፑን ይዤ እነሳና ፊቱን ከእኔ አዞራለሁ፤ ከጀርባው በጣቴ ክብ እሠራላታለሁ።

ገባት። ቀሚሴን ትጨብጣለች። እኔ ስዞር እሷ በጉልበቷ ከኋላዬ ትዞራለች። በሩን፣ መስኮቱን፣ ፍራሹን፣ የጠረጴዛውን ሥር አሳየዋለሁ። በሌላ እጇ ማራገቡን አላቆመችም፣ እመቤቴን፣ አንዴም አላቆመችም። ልጅ ሆኜ ጉልት ስትሄድ ቀሚሷን ይዤ የምከተላት እኔ ነበርኩ።

"ብቻሽን ነሽ?" ይላል ጽሑፉ።

"አዎ" ብዬ እጽፋለሁ።

"አመሰግናለሁ፣ ቀጥዪ።"

ቁጭ ብዬ ላፕቶፑን ክዳኖቹ ላይ ሳስቀምጠው ጉልበቷ ቋ ሲል እሰማለሁ። ንፋሱ ይቆማል።

ሳላስበው ዞሬ አየኋት። በጎኗ ወድቃለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ነክሳዋለች፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። አንዲት ድምፅ አላወጣችም። ስክሪኑ ይቀላል፦ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ። ብድግ ልል ስል ቁርጭምጭሚቴን ይዛ ወደ ታች ትጫነኛለች፤ ዓይኗን አፍጥጣ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ትቀስራለች። በልጅነቴ የቤት ሥራዬን ስተው እንዲህ ነበር የምትቆጣኝ።

ፊቴን መለስኩ። አፈርኩ፣ ግን መለስኩ። ሃያ ስድስት ጥያቄ ይቀረኛል። ሰባ አምስተኛውን ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ፤ አንዲት ቃል አልገባ ይለኛል። ላፕቶፑ እንደገና መጋል ጀምሯል።

ከሥር ንፋስ ይመጣል። ተኝታ እያራገበች ነው። የምታራግበው ላፕቶፑ ጋ አይደርስም፣ እግሬን ብቻ ነው የሚነካኝ፤ እንደማይደርስ ልነግራት ደግሞ አልችልም።